ጨዋታ የሚያበዛ ኬጂ ወይስ ደብተር የሚያስይዝ? (ሐዋሳ)

የሶሊ እናት፦
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ሐዋሳ ያላችሁ ወላጆች ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ መስከረም ላይ 4 ዓመት ይሞላታል፣ ኬጂ ላስገባት ነው። ሁለት ቦታ አየሁ። አንዱ አቶቴ አካባቢ ነው፤ አምስት ደብተር፣ በየቀኑ የቤት ሥራ፣ የእንግሊዝኛ መዝሙር፣ ምን የሌለ አለ። ሌላው ወደ ታቦር ነው፣ «እኛ በጨዋታ ነው የምናስተምረው» አሉኝ። ስገባ አንዱ ጭቃ ያቦካል፣ ሁለት ሴቶች ልጆች በባዶ የዘይት ጀሪካን ሱቅ ከፍተው ቆርኪ እንደ ብር ይቀባበላሉ፣ መምህሯ መሬት ቁጭ ብላ «ውይ ተወደደ፣ ትንሽ ቀንሺልኝ» እያለች ትከራከራለች። ሶሊ እጄን ለቃ ሄደች። ልቤ እዚያ ቀርቷል፣ ግን አማቴ «ለጨዋታማ ግቢያችን መቼ አነሰን፣ ብር ተከፍሎ?» አሉ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ በእሷ ዕድሜ ከሀ እስከ ፐ ይወርደዋል። አንደኛ ክፍል ስትገባ ብትቸገርስ?

ቲቸር ነኝ፦
ኬጂ አስተምራለሁ። እህቴ፣ ያየሽው ሱቅ እኮ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ልጅቷ 5 ቆርኪ ተቀብላ 2 መልስ ስትሰጥ መቀነስን በእጇ ይዛዋለች፣ ምልክቱ በኋላ ቢመጣ አይከብዳትም። ጭቃውም እንደዚያው። የ4 ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንት ገና ሙሉ በሙሉ አልጠነከረም፣ ጣቶቿም ጉልበት የላቸውም፣ አንድ ገጽ ሙሉ «ሀ» ጻፊ ስትባል ቶሎ ይደክማትና ወረቀቱን ትጠላለች። ሊጥ ማድቦልቦል፣ ዶቃ መሰካት፣ ወረቀት በመቀስ መቁረጥ፣ እርሳስ የሚያስይዙት እነሱ ናቸው። አንደኛ ክፍል ደግሞ በአገራችን የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ምን አስቸኮለሽ?

አዳሬ ሰፈር፦
ቲቸር ያለችው ልክ ነው፣ ግን ጨዋታ የተባለ ሁሉ ጨዋታ አይደለም። ልጄን አስገብቼው የነበረ ቦታ ነበር፣ ስሙ ይቅር። በሩ ላይ በትልቁ «ሞንቴሶሪ» ይላል። ውስጥ ስትገባ አንድ ሸርተቴ፣ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ ቴሌቪዥን፣ መጫወቻው በሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ «ልጆቹ እንዳይሰብሩት» አሉኝ!! ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተች ሐኪም ናት፣ በእሷ ዘዴ ዕቃው የሚቀመጠው ልጅ በሚደርስበት ክፍት መደርደሪያ ላይ ነው፣ ልጁ ራሱ መርጦ ያነሳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ስሙን ግን ማንም ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳውን ተይና መምህሯን እያት። ልጆቹ ሲጫወቱ አብራ ትጠይቃለች፣ ወይስ ስልኳ ላይ ነች?

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። ጨዋታውን እወደዋለሁ፣ ችግሩ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል ሲመዘግቡ ይፈትናሉ፣ ጻፊ አንብቢ ይላሉ። ትክክል ነው አላልኩም፣ ግን አለ። የት ልታስተምሪያት እንዳሰብሽ ከወዲሁ ጠይቂ። ደግሞ የታቦሮቹን «ፊደል የምትጀምሩት መቼ ነው፣ እንዴት ነው?» በያቸው። የሚሠሩበት ከሆኑ ዕቅዳቸውን ያሳዩሻል፣ ከተንተባተቡ ውጪ። አማትሽን ደግሞ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ያንን ሱቅ ሲያዩ ራሳቸው ገበያ ይወጡበታል 😄

የሶሊ እናት፦
ሃሃ፣ እሳቸው ዋጋ ክርክር ላይ ማን ይችላቸዋል። መደርደሪያው ክፍት ነው፣ ዝቅ ያለ፣ እሱን አይቻለሁ። ፊደሉን ግን አልጠየቅኩም። ቤት እኔ ባስለምዳትስ ይጋጫል?

ቲቸር ነኝ፦
ምኑ ይጋጫል። በስሟ ጀምሪ፣ «ሶ» የምትለዋን በሱቅ ሰሌዳ፣ በሳሙና ካርቶን ላይ ፈልጊ በያት። ደብተር ላይ አሥር መስመር አታስጽፊያት እንጂ። ስትሄጂ ደግሞ ሳትደውዪ በሥራ ቀን ጠዋት ሂጂ፣ ወላጅ ይመጣል ሲባል ሁሉም ክፍል ያምራል።