ከደሴ ኮምቦልቻ ለመመላለስ፦ ሲጋል፣ ዲዛየር ወይስ ኤስፕሬሶ?

ጦሳ_ሥር

ሰላም ለዚህ ጀማ! ቤታችን ደሴ ነው፣ ሥራ ኮምቦልቻ። በሥራ ቀን ሁሉ በመሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርዶ መውጣት አለ። አራት ነፍስ ነን፤ ሁለቱ ልጆች ናቸው። አልፎ አልፎ ሐይቅ ዘመድ ጥየቃ፣ ለበዓል ደግሞ አዲስ አበባ ይኬዳል። ያለን ብር ለሦስት ዓይነት መኪና ይበቃል፦ ያገለገለ ሱዙኪ ዲዛየር፣ ያገለገለ ኤስፕሬሶ፣ ወይም አዲስ የኤሌክትሪክ ቢዋይዲ ሲጋል።

ልቤ ሲጋል ላይ ነው፤ ሲያዩት ያምራል። ባለቤቴ ግን «መልክ ዳገት አይወጣም» ብሎ ዲዛየር ላይ ሙጭጭ ብሏል። ስለ መልካቸውም ስለ ጠቀሜታቸውም የምታውቁትን ንገሩን። በተለይ ለሐረጎ የቱ ይሻላል? የሠፈር ውስጥ ኮብልስቶን ሆዱን ይመታዋል ወይ? የኪራይ ቤት ውስጥስ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? ቆጣሪው የጋራ ነው።

ቦርከና_ጋራዥ

አብሽሪ እህቴ፣ ሦስቱም ሐረጎን ይወጣሉ። ልዩነቱ አወጣጣቸው ላይ ነው።

የነዳጅ ሞተር አየር ይፈልጋል፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 ከመቶ ያህል ያጣል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሩቡ ጉልበት እዚህ የለም ብለሽ ያዢው። የኤስፕሬሶ 998 ሲሲ ሞተር በወረቀት ላይ እንኳ 70 የፈረስ ጉልበት አይሞላም፤ ደሴ ሲደርስ 50 ገደማ ይቀረዋል። አራት ሰው ጭኖ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱ ከወረደ ሁለተኛ ማርሽ ካልገባለት አይነሳም። ዲዛየር 1197 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር ነው፤ ሻል ያለ ትንፋሽ አለው። ሲጋል አየር ስለማይጠይቅ ኮምቦልቻ የነበረው 55 ኪሎዋት ደሴም ላይ ያው ነው። በመልኩ ምክንያት «የሴት መኪና» እያሉ የሚያሾፉበት ዳገቱ ላይ ሲቀድማቸው ዝም ይላሉ።

«አውቶማቲክ ዲዛየር» የሚሏችሁን ግን ጠይቃችሁ ግዙ። ብዙዎቹ እውነተኛ አውቶማቲክ አይደሉም። ካምቢዮው ያው ማኑዋሉ ነው፣ ፍሪሲዮኑን ግን ኮምፒውተር ይረግጠዋል። ደሴ ዳገት ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆም ሹፌሩ ፍሬን በመያዝ ፈንታ ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን ይዞ ይቆያል፤ ፍሪሲዮኑ የሚያልቀው ያኔ ነው። ስትሞክሩት ዳገት ላይ አቁማችሁ አስነሱት። ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚሸት ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልቋልና ዋጋው ላይ ቀንሱ።

አሁን ወደ ሆድ እንምጣ። ከመሬት ያላቸው ከፍታ ኤስፕሬሶ 180 ሚሊሜትር፣ ዲዛየር 163፣ ሲጋል 120 ገደማ ነው። የ6 ሳንቲሜትር ልዩነት ቀላል አይደለም። የሠፈር ኮብልስቶን መሐሉ አብጦ ጎማ የሚሄድበት ሲሰምጥ ሲጋል ሆዱን ይጠርጋል፤ በተለይ ከአስፋልት ወደ ውስጥ መንገድ ሲገባ ቦዩ ላይ ፊት ለፊት ከገባ የፊት ፓራውልቱ ይነካል። ሰያፍ ይግባ፤ አንድ ጎማ አስቀድሞ፣ ሌላው ይከተል። ሞላ ሥር ላስቲክ አስገብተው «ከፍ እናድርግልሽ» የሚሉሽን አትስሚ። ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ከተነሳ ከሞተር ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ማጠፊያቸው ላይ ይወጠራሉ፣ ላስቲካቸው ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣና ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል።

ጎማም ተመልከቱ። የጎማው ጎን የሚባለው ከመሬት እስከ ቸርኬው ያለው ላስቲክ ነው፤ የሚያድነን እሱ ነው። ዲዛየር በ165/80 አር14 ሲመጣ ጎኑ 132 ሚሊሜትር ይሆናል። ኤስፕሬሶ 165/70 አር14 ነው፣ 115። ሲጋል እንደ ደረጃው ወይ 165/65 አር15 (107)፣ ወይ 175/55 አር16 (96) ነው። ባለ 16ቱ ቸርኬ ፎቶ ላይ ያምራል፣ የኮብልስቶን ጠርዝ ግን ያጣምመዋል። ባለ 15ቱን ምረጡ። ባለ 16 ብቻ ከተገኘም ወደ 15 መቀየር ይቻላል፤ የሁለቱ ሙሉ ቁመት ልዩነት 3 ሚሊሜትር ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም። ፍሬኑን የማይነካ መሆኑ ግን ተለክቶ ይታይ።

ሐይቅ_ዳር

ቪትዝን ለምን ረሳችሁት? መለዋወጫው በየሱቁ፣ መካኒኩ በየመንደሩ ነው።

ቦርከና_ጋራዥ

አልረሳነውም፤ አልተጠየቀም። ባለ 1.0 ቪትዝ ያው 1000 ሲሲ ገደማ ነው፣ ሐረጎ ላይ ከኤስፕሬሶ ብዙም አይለይ። ባለ 1.3ቱን ካገኘችና ሞተሩ ያልተበረበረ ከሆነ ጥሩ ነው። ብቻ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የሁሉም አሮጌ ዋጋ ዕድሜውን ረስቷል።

ፓራውልት

ስለ መልክ የሚያወራ ስለጠፋ እኔ ልግባበት።

ዲዛየር ከኋላ ተቆርጦ የቀረ የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕንድ ውስጥ ርዝመቱ ከ4 ሜትር፣ የቤንዚን ሞተሩ ከ1200 ሲሲ ያላለፈ መኪና ቀረጡ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሰዳን ኮፈን ከኋላ ለጥፈውለት ርዝመቱን 3995 ሚሊሜትር ላይ አቆሙት። ሞተሩም 1197 የሆነው ለዚያ ነው። ከጎን ሲታይ አህያ ላይ የተጫነ ሣጥን ይመስላል፣ እውነት ነው። ግን ያ ሣጥን 378 ሊትር ይይዛል፤ ኩንታል ጤፍ ከነማዳበሪያው ይገባና ክዳኑ ይዘጋል፣ ሽንኩርቱም ልጆቹ አጠገብ አይሸትም። በሥራ የምትበልጠው መልከ ጥፉዋ ናት።

ኤስፕሬሶ ጂፕ ለመምሰል የተነሳ ሕፃን ነው። 3565 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 1520 ወርድ፣ ቁመቱ ግን ከወርዱ ይበልጣል። ከፍ ብሎ መቀመጡ ለእናቶችና ለአዛውንት ይመቻል፤ ጎንበስ ሳይሉ ይገባሉ። በተቃራኒው ቦርከና ሜዳ ላይ ንፋስ ከጎን ሲመጣ ወይም ትልቅ መኪና ሲያልፈው ይወዛወዛል። የፍጥነት ቆጣሪውም ከመሪው ፊት ሳይሆን መሐል ዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ይለምደዋል፣ አንዳንዱ እስኪሸጠው ይማረራል። የነዳጅ ታንከሩ 27 ሊትር ብቻ ስለሆነ ሰልፍ ባለበት ከተማ ቶሎ ቶሎ መሰለፍ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ኤርባጉን ቁጠሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. የመኪና ደኅንነት የሚፈትነው ድርጅት ግሎባል ኤንካፕ የፈተነው የሕንዱ ኤስፕሬሶ ለሹፌሩ ብቻ ኤርባግ ነበረው፤ ያገኘውም ዜሮ ኮከብ ነው። ሁለት ኤርባግ ያለው የደቡብ አፍሪካው በ2022 ሦስት አገኘ። ሁለት ልጅ ለሚጭን ሰው ይህ ከመልክም ከነዳጅም ይቀድማል።

ሲጋል? የቢዋይዲ የዲዛይን ኃላፊ ዎልፍጋንግ ኤገር ቀድሞ ኦዲና ላምቦርጊኒ የሠራ ሰው ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ፣ የሾለው መብራት፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚወጣው መስመር ከዚያ የመጣ ነው። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ቁንጅናው ግን ዋጋ አለው። መስመሩ ወደ ኋላ ሲወጣ የኋላ መስኮቱ ይጠብባል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን የሚያየው ሰማይ ነው፣ በሐረጎ ጥምዝምዝ ደግሞ ውጭ ካላየ ማቅለሽለሹ አይቀርም። ዝናብ መጥረጊያው አንድ ብቻ ነው፤ ላስቲኩ ቢሰነጠቅ «በሌላኛው እደርሳለሁ» የለም፣ ስለዚህ ከክረምት በፊት ይቀየር። መብራቱ ኤልኢዲ ነው፤ ሲሰበር አምፖል ቀይሮ መሄድ የለም፣ ሙሉው ይነሳል። የሚያብረቀርቀው ጥቁር ፕላስቲክም በአንድ ሳምንት ላቫጆ ጨርቅ ይጫጫራል።

ከምንም በላይ ልብ በሉ፦ ለቻይና ገበያ የተሠራው ሲጋል ባለ 4 መቀመጫ ነው። አያት ሐይቅ ድረስ እንውሰድ ቢባል አምስተኛ ቀበቶ የለም።

ሽቦና_ብሎን

ሐረጎንና ቆጣሪውን እኔ ልመልስ።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ የከፍታ ልዩነቱ 650 ሜትር ገደማ። ሰው የጫነ ሲጋልን 1500 ኪሎ ብንለው ያንን ክብደት ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። የመንገዱንና የብክነቱን ስንጨምር ሽቅቡ 5 እስከ 6 ይበላል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ከፊሉን ስለሚመልስ መውረጃው ከሞላ ጎደል በነፃ ነው። ደርሶ መልሱን 7 ኪሎዋት ሰዓት ያዢው። ባለ 30.08 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪውም ባለ 38.88ቱም ለዚህ ይተርፋሉ።

ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ደሴ 100 ከመቶ ሞልቶ ጠዋት ሐረጎን የሚወርድ ሰው ዲናሞው የሚያመርተውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ባትሪው «ጠግቤያለሁ» ሲል ሞተሩ መያዙን ይተውና ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። በለመደው ልክ የማይዝ መኪና ደግሞ ሹፌሩን ያስደነግጠዋል። ከደሴ በ85 ወይም 90 መውጣት ይበቃል። ሲጋሉ የመሙያ ጣሪያ መወሰኛ ከሌለው ሶኬቱን ዘግይቶ መሰካት ነው፤ ኮምቦልቻ ሥራ ቦታ የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ እዚያ ሞልቶ መውጣት ከሁሉ ይሻላል። ነገር ግን የባትሪው ዓይነት ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ስለሆነ አልፎ አልፎ 100 መግባት አለበት፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ የቀረውን በትክክል አያውቅም፣ 15 እያለ ድንገት 5 ይላል። ለዚያ በማግስቱ የማትወርዱበትን ቅዳሜ ማታ ተጠቀሙ።

የቤት ቻርጅ፦ አብሮት የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 10 አምፒር ቢስብ 2.2 ኪሎዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ በላይ ይስባል! ልዩነቱ ምጣድ ጋግሮ ይጠፋል፣ መኪና ግን ሰዓታት ሙሉ ይጎትታል፤ የላላ ሶኬት የሚቀልጠው በጉልበቱ ሳይሆን በቆይታው ነው። የዕለቱን 7 ለመመለስ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። ከማከፋፈያው ለብቻው የሚወጣ 4 ሚሊሜትር ስኩዌር የመዳብ ሽቦ፣ 16 አምፒር ብሬከር፣ የራሱ ጠንካራ ሶኬት። ዲቫይደር በጭራሽ። ኧርዝ ከሌለ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል፤ ይሄን «የቻርጀር ብልሽት» ብለው የሚመልሱ ብዙ ናቸው፣ ጥፋቱ የቤቱ ነው። የመዳብ ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ ይመታና ይታሰር። ከተሰካ ግማሽ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ራስ በእጅ ንኩት፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ወዲያው ይነቀል።

የጋራ ቆጣሪ ከሆነ አከራዩን ከመለመን በፊት በራሳችሁ መስመር ላይ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ። ቁጥሩ ካለ ጭቅጭቅ የለም። ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ግን አትሰኩት።

ጦሳ_ሥር

አላህ ይስጥልን፣ ሁላችሁንም። ጋሼ ቦርከና፣ ሲጋል ስኮርታ የለውም ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? ወንድሜ ሽቦና_ብሎንስ፣ አዲስ አበባን በሱ ማሰብ ይቻላል?

ሽቦና_ብሎን

ባለ 30ውን ለአዲስ አበባ አታስቢው፤ ባለ 38.88ቱ ይቻላል፣ በአንድ ትንፋሽ ግን አይደለም። ወረቀቱ ላይ 405 ኪሎሜትር የሚለው የቻይና መለኪያ ነው፤ በኛ መንገድ 280 እስከ 300 ቁጠሪ። ደሴ አዲስ አበባ 400 ገደማ ነው። የሚያስቸግረው ርቀቱ ሳይሆን ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ያለው ነው፤ ከ1300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3000 በላይ ይወጣል። ለከፍታው ብቻ ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ፣ ከመንገዱ ጋር 13 አካባቢ፤ የባትሪው ሲሶ በዚያች ቁራጭ ላይ ያልቃል። ከዳገቱ ሥር 50 ከመቶ ይዘሽ ካልደረስሽ አትጀምሪ። ፈጣን ቻርጀሩ የት እንዳለና መብራት መኖሩን በዕለቱ ደውሎ ሳያረጋግጡ አይወጣም። መሰኪያው ለቻይና ገበያ በተሠራው ላይ ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ የአውሮፓው ታይፕ 2 አይገባበትም፣ ስትደውሉ ይሄንንም ጠይቁ።

ቦርከና_ጋራዥ

እውነት ነው፣ ስኮርታ የለውም። በምትኩ ትንሽ ኮምፕረሰርና የሚረጭ ሙጫ ይሰጣሉ። ሙጫው ምስማር የወጋውን ይደፍናል፤ ድንጋይ ጎኑን የቀደደውን ግን አይደፍንም፣ በኛ መንገድ ደግሞ የሚቀደደው ጎኑ ነው። አንድ ቸርኬ ከነጎማው ግዙ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቁጥርና ርቀት እኩል መሆኑን አስለኩ። የዕቃ ቦታውን ይበላል፣ ስለዚህ ለከተማ ቤት ይቀመጥ፣ ሐይቅና አዲስ አበባ ሲኬድ ይጫን። ክሪክና የብሎን መፍቻም አብረው ይገዙ፣ እነሱም አይኖሩም ብላችሁ ያዙ።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ከመኪናው አትራቁ። የለመዱት ክሪኩን መሐል ሆድ ሥር ሰክቶ ማንሳት ነው። ሲጋል ሆዱ ባትሪ ነው፤ መያዣው ከተረገጠ ዋጋው ከጎማ ጋር አይወዳደርም። ክሪክ የሚገባው በበሩ ሥር ጠርዝ ላይ ከፊትና ከኋላ ጎማ አጠገብ ምልክት ያለባቸው አራት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ጠርዙ እንዳይጎብጥ መሐሉ የተሰነጠቀ ላስቲክ ይደረግ። ባትሪው አካባቢ ብየዳ የሚባል ነገር አይታሰብም። ያገለገለ ሲጋል ካቀረቡላችሁም መጀመሪያ ቀለሙን ሳይሆን ሊፍት አስወጥታችሁ ሆዱን እዩ።