ዕቁብ ወጣልኝ፤ አዲሱን ካሜራ ልግዛ ወይስ ተጠባባቂ?

የአቶቴዋ ፎቶ ቤት፦

ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶና ላሜኔሽን፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ምረቃ እሠራለሁ። ከተማችን ውስጥ የፕሮቴስታንት ሰርግ ስለሚበዛ ጾም ሲገባ ሥራ ጨርሶ አይቆምም። ቢሆንም ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለው ጊዜ የዓመቱን የቤት ኪራይ የምሸፍንበት ነው።

የምሠራው በካኖን 6ዲ ነው። ሌንሶቼ 24-105 ኤፍ 4፣ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 እና 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ናቸው። ካሜራውን የገዛሁት ከሌላ ባለሙያ ሲሆን ፋብሪካው ለመዝጊያው (ለሻተሩ) የገመተለትን 100,000 ፎቶ ካለፈ ቆይቷል። ባለፈው ወር ሙሽራው ቀለበቱን ሊያጠልቅ የሙሽሪትን እጅ ሲይዝ "ኤረር 30" (የመዝጊያ ብልሽት) ብሎ ቀጥ አለ። ባትሪውን አውጥቼ ስመልሰው ተነሣ፤ ቀለበቱ ግን እኔን አልጠበቀም። አንዱ ሚዜ በስልኩ ያነሣትን ፎቶ ለምኜ አልበሙ ውስጥ አስገባኋት። በካሜራው አልፈርድም፤ ዕድሜው ነው።

አሁን ዕቁብ ወጣልኝ፤ 180,000 ብር። በዚሁ ገንዘብ ያገለገለ ካኖን አር6 የአሁኖቹን ሌንሶቼን ከሚያስገጥመው አዳፕተር ጋር የሚሸጥልኝ ሰው አዲስ አበባ አግኝቻለሁ። ሌላው አማራጭ ያገለገለ 5ዲ ማርክ 3 ወስጄ በተረፈው ሃርድ ዲስክ፣ ሚሞሪና አንድ ፍላሽ መግዛት ነው። ወንድሜ ደግሞ "ዘመኑ የሶኒ ነው" እያለ ያደነቁረኛል። እናንተ ብትሆኑ የቱን ታደርጉ ነበር?

ሌላም የቸገረኝ ነገር አለ። ለጥር ቀብድ ሰጥተውኝ የነበሩ ሙሽሮች ሐዘን ገጠማቸው፤ የሙሽራው አባት ዐረፉ፣ ሰርጉም ተራዘመ። ቀብዱን መልሺ አላሉኝም፤ ግን አጎትየው ደውለው "ምን ታስቢያለሽ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ለዚያው ቅዳሜ የመጣ ሌላ ሰርግ መልሻለሁ። ምን ልበላቸው? ሌላዋ ደንበኛዬ ደግሞ ያልተመረጠውንም ያልተስተካከለውንም ፎቶ በሙሉ ስጪኝ፣ የእኔ ነው ትላለች። እውነት የእርሷ ነው?

ብርሃን አሳዳጅ፦

ወንድምሽ ልክ ነው። 6ዲውን ከነሌንሶቹ ሽጪና ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ግዢ። ሙሽሪት እየሄደችም እየጨፈረችም ዓይኗን ይዞ ይከተላታል፤ ሁለት ሚሞሪ ይይዛል፤ ባትሪው ረጅም ሰዓት ያሠራል። 5ዲ ማርክ 3 የምትዪው ካሜራ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ነው፤ ዛሬ ብር ከፍሎ ወደ ኋላ መመለስ ምን ይባላል? የደንበኛ ዓይንም ቀላል አይደለም። አሮጌ ካሜራ ይዘሽ ስትገቢ ዋጋሽን ዝቅ አድርገው ነው የሚገምቱት።

ጋሼ ኔጋቲቭ፣ ከደሴ፦

ልጄ፣ እንኳን ወጣልሽ። ዕጣው ግን ስንተኛ ላይ ነው የወጣልሽ? መጨረሻው አካባቢ ከሆነ የራስሽ ቁጠባ ነው፤ እንደፈለግሽ አድርጊው። መጀመሪያው አካባቢ ከሆነ ግን ያለ ወለድ የተበደርሽው ብር ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲወርድና ሰርግ ሲጠፋ የዕቁቡ ሰብሳቢ ደጅሽ መምጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ካሜራ ላይ አታፍስሺው።

ሶኒውን ተዪው። ካሜራው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ወንድማችን "ከነሌንሶቹ ሽጪ" ሲል ቀላል አስመሰለው እንጂ ያገለገለ ሌንስ ስትሸጪና ስትገዢ ሁለቴ ነው የምትከስሪው። አር6 ላይ የአሁኖቹ ሌንሶችሽ በካኖን አዳፕተር ሲገቡ በገዛ ካሜራቸው ላይ እንዳሉ ሆነው ይሠራሉ። የ6ዲሽ ባትሪም 5ዲ ማርክ 3፣ 5ዲ ማርክ 4 እና አር6 ውስጥ ይገባል። ይህን በቀላሉ አትዪው። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ሁለት ዓይነት ቻርጀር ይዞ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ መዞር ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

እኔን የሚያስፈራኝ ኤረር 30 አይደለም። 6ዲ አንድ ሚሞሪ ብቻ ነው የሚይዘው። ቀለበቱን የሚዜው ስልክ አወጣሽ፤ ሚሞሪው ቢበላሽ ግን ሙሉ ሰርጉን ከማን ስልክ ትለምኛለሽ? 5ዲ ማርክ 3፣ ማርክ 4 እና አር6 ሁሉም ሁለት ሚሞሪ ይይዛሉ፤ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ እንዲጽፉ ማዘዝ ይቻላል። ማርክ 3 ላይ ግን የኤስዲ ሚሞሪ የሚገባበት በኩል ቀርፋፋ ነው። ሙሽሮቹ አበባ እየተበተነባቸው ሲገቡ አከታትለሽ ካነሣሽ ካሜራው "ቆይ" ይልሻል፤ ሙሽራ ደግሞ ቆይ አይባልም።

የአዳራሹን መብራትም አስቢ። ዛሬ ብዙው አዳራሽ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ኤልኢዲ ስክሪን ተክሎ፣ ጣሪያው ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ መብራት ሰቅሏል። አር6ን ከያዝሽ ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ መዝጊያ እዚያ ውስጥ አትንኪው፤ ነጩ ቬሎ ላይ ጥቁር መስመር ያጋድምበታል። መካኒካሉን መዝጊያ ተጠቅመሽ ፍጥነቱን 1/100 ሰከንድ ላይ አቁሚው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በዚህ ፍጥነት ይገጥምልሻል። ስክሪኑ የራሱ ፍጥነት ስላለው ሙሽሮቹ ሳይገቡ ሁለት ሦስት አንሥተሽ፣ አጉልተሽ እዪው። ማርክ 4 እና አር6 የመብራቱን መርገብገብ ጠብቀው የሚያነሡበት ማስተካከያ አላቸው፤ 6ዲና ማርክ 3 የላቸውም።

እኔ ብሆን ያገለገለ ማርክ 4 ፈልጌ፣ የሚተርፈውን ብር ሁለት ሃርድ ዲስክና የታመነ ሚሞሪ ላይ አውል ነበር። አንዱ ዲስክ ፎቶ ቤትሽ፣ ሌላው መኖሪያ ቤትሽ ይቀመጥ። 6ዲውን አትሽጪው፤ 85ቱን ገጥመሽለት ትከሻሽ ላይ ይንጠልጠል። በቀን አንድ መቶ ፎቶ ብቻ እያነሣ ገና ብዙ ሊያገለግልሽ ይችላል። አር6 ዓይን ይዞ የሚከተልበት ችሎታ በማርክ 4 የዓይን ማያ መስኮት (ቪውፋይንደር) ውስጥ ስታዪ አይገኝም፤ ይህን አልክድም። ልብሽ እርሱ ላይ ከሆነ አዲስ አበባ ካሜራ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ ለአንድ ሰርግ ተከራይተሽ ሞክሪው።

ስለ ቀብዱ ሕጉ የፈለገውን ይበል፣ የለቅሶ ቤት ቀብድ አይበላም። እኔ ቀኑን አንድ ጊዜ ያለ ምንም ክፍያ አዛውራለሁ፤ ሁለተኛ ሲራዘም እንነጋገራለን። አጎትየው እስኪደውሉም መጠበቅ አልነበረብሽም፤ ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ ለቅሶ መድረስ ነበር። የአልበሙን ዋጋ ግን ከፎቶ ማንሣቱ ዋጋ ለይተሽ ጻፊ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ወረቀትና ቀለም በመስከረም በተዋዋልሽበት ዋጋ ሚያዝያ ላይ አይጠብቅሽም። "አልበሙ በሚታተምበት ቀን ዋጋ" የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

የውል ወረቀት፦

ጋሼ "ሕጉ የፈለገውን ይበል" ስላሉ፣ የሚለውን ልጨምር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በግልጽ ይናገራል። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ብዙ ባለሙያ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። 6ዲዎ በሰርጉ ዋዜማ ሞቶ "አልመጣም" ቢሉ፣ እጥፍ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የጋሼ ተጠባባቂ ካሜራ የዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የእርስዎ ሙሽሮች ግን ውሉን አልተዉም፤ ቀኑ እንዲለወጥ ነው የፈለጉት። ስለዚህ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አዲሱን ቀን መጻፍ ትችላላችሁ። "ቀኑ አንድ ጊዜ ይዛወራል፤ በአዲሱ ቀን ባለሙያዋ ሌላ ሥራ ከያዘች ከቀብዱ ይህን ያህሉ ይመለሳል" የሚል ቃል ለወደፊቱ በሁሉም ውልዎ ላይ ያስገቡ።

ፎቶው የማን ነው ላሉት፣ ደንበኛዋ ባዶ ነገር አልተናገረችም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአዛዡ ነው ይላል። እዚህ ያለን ብዙዎቻችን ተቃራኒውን ነው የምናስበው። በውልዎ ላይ "የማስረክበው ተመርጦ የተስተካከለውን ፎቶ ነው፤ የቀረው የባለሙያዋ ነው" ብለው ካልጻፉ ክርክሩ ከባድ ይሆንብዎታል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 27ም አይርሱ። የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም። የፎቶ ቤት መስኮት ላይ የሚሰቀለው ትልቁ የሙሽራ ፎቶም፣ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውም እዚህ ውስጥ ይወድቃል። አንድ የፈቃድ መስመር፣ ከጎኑ ፊርማ፤ ሌላ አያስፈልግም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሐበሻ ሰርግ ነው የምሠራው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ አዳራሽ፣ ከዚያ መልስ። በካሜራ ምርጫው ከጋሼ ጋር ነኝ። ያገለገለ ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ግን ጥቂት ነገር እዪ።

አብዛኛው የካኖን ካሜራ እስከ ዛሬ ስንት ፎቶ እንዳነሣ በፎቶው ፋይል ውስጥ አይጽፍልሽም፤ ካሜራው በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው የሚነበበው። ሻጩ "ብዙም አልተሠራበትም" ሲልሽ ላፕቶፕሽን አውጪ። የሌንሱን ክዳን በሁለቱም በኩል ከፍተሽ በእጅ ባትሪ አብሪበት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂው።

ከዚህ አገር ዘመድ ያመጣልኛል ካልሽ፣ የካኖን ባትሪ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሶኬቱን የሚያስማማ ነገር ብቻ ይበቃሻል። የስቱዲዮ መብራት ግን ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቢ አታስመጪ። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ ሐዋሳ ላይ በሰካሽበት ቅጽበት ይቃጠላል።

ሚሞሪ ላይም ተጠንቀቂ። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ ውስጡ ግን ሩቡን እንኳ የማይዝ አስመስሎ የተሠራ ካርድ በየቦታው ሞልቷል። ክፉነቱ ሲሞላ ዝም ብሎ መቀበሉ ነው፤ ፎቶው የለም የሚልሽ ቤትሽ ገብተሽ ስትከፍቺው ነው። ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው የሚያነቡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ አዲስ ካርድ ሁሉ ሰርግ ከመግባቱ በፊት እዚያ ውስጥ ይለፍ።

የአቶቴዋ ፎቶ ቤት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ዕጣው የወጣልኝ መጀመሪያው አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ብድር ነው ያሉት እኔንም ይመለከታል። ለቅሶውንም ደርሻለሁ፤ ቀብዱን እዚያ ማንሣት አሳፍሮኝ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ ለአጎትየው ደውዬ ከፋሲካ በኋላ ለሚያዝያ ቀኑን አዛውረናል፤ አልበሙ በዕለቱ ዋጋ ይሆናል ስላቸውም ቅር አላላቸውም። ነገ መጥተው ይፈርማሉ።

ፎቶውን ሁሉ ስጪኝ ላለችኝ ደንበኛ እሰጣለሁ። ወረቀታችን ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ለሚቀጥለው ግን ይጻፋል። ስለ መስኮቱ ብዙም አልሠጋም፤ እዚያ ላይ የተሰቀለችው ሙሽራ ራሷ ናት አሳጥባ ያመጣችልኝ፤ ዘመድ በመጣላት ቁጥርም ይዛ እየመጣች ታሳያለች። ፊርማዋን ግን እቀበላታለሁ።

አር6 የሚሸጠውን ሰው አልፈልግም አልኩት። ማርክ 4 ያለው ሌላ ሰው አገናኝቶኛል፤ ላፕቶፔን ይዤ ሐሙስ አዲስ አበባ እወጣለሁ። ወንድሜ አኩርፏል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ ወይም ይርጋለም ያላችሁ የካኖን ተጠቃሚዎች፣ በጥር ቅዳሜዎች ሥራ ያልያዘው ለያዘው በተጠባባቂነት እንዲቆም ብንነጋገርስ? የአንዳችን ካሜራ ከቆመ ሌላው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ የሚከፈለውን አስቀድመን እንስማማ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የትኛው ቅዳሜ ባዶ እንደሆነም አብራችሁ ንገሩኝ።