አባቴን ስኪፕተን ገበያ ልውሰዳቸው ወይ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በመንዝ ዕድሜያቸውን በበግ እርባታ ያሳለፉ ገበሬ ሲሆኑ፣ በሚቀጥለው ወር እኔ ወደምኖርበት ሊድስ ይመጣሉ። ትልልቅ ሕንፃ ከማሳያቸው ይልቅ ገበሬው ዛሬም የሚገበያይባትን ጥንታዊ የገጠር ከተማ ባሳያቸው እመርጣለሁ። ሰዎች የዮርክሸሯን ስኪፕተንን ጠቁመውኛል። ለአንድ ቀን ጉዞ ትሆናለች? በየትኛው ቀን ብንሄድ ይሻላል?

መልስ 1፦
የከተማዋ ስም ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ «የበግ ከተማ» ማለት ነውና ምርጫዎ መልካም ነው። ንጉሥ ጆን የገበያ ፈቃድ የሰጧት በ1204 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬም ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ በዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ የነጋዴዎች ድንኳን ይተከላል። ከሊድስ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። በጎዳናው ራስ ላይ፣ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1642 እስከ 1645 እ.ኤ.አ. ከበባን የተቋቋመውን ግንብም ሳያዩ አይመለሱ።

መልስ 2፦
አባትዎ ማየት የሚፈልጉት በጉን ከሆነ ግን ድንኳኖቹ ብቻ አይበቋቸውም። በጎቹ ድሮ የሚሸጡት በዚያው በዋናው ጎዳና ላይ ነበር፤ ዛሬ የከብት ጨረታው ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ በጋርግሬቭ መንገድ ስለሚካሄድ፣ የበግ ሽያጭ የሚኖርበትን ቀን አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ። ገዢዎቹ ክቡን አጥር ከበው ይቀመጣሉ፤ አጫራቹ ያለ ፋታ ዋጋ ይጠራል፤ ለእርባታ የሚሸጡት እንስሳት ዋጋም ብዙ ጊዜ የሚጠራው ጊኒ በሚባለው የጥንት መቁጠሪያ፣ ማለትም በአንድ ፓውንድ ከአምስት ፔንስ ነው። ፊታቸው ጥቁር፣ አፍንጫቸው ነጭ የሆኑትን ቀንዳም የስዌልዴል በጎች ሲያዩ፣ ገበሬውም የበጉን ወገብ ዳብሶ ሥጋውን ሲገምት ሲመለከቱ፣ አባትዎ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

መልስ 3፦
እባክዎን አንድ ነገር አደራ። ከኢትዮጵያ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ወደ ብሪታንያ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ፣ ቅቤም ቋንጣም በሻንጣ እንዳይዙ ይንገሯቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. በገባው የአፍተግር በሽታ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደዋል፤ የከብት ገበያዎችም ተዘግተው ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ያንን ዓመት አልረሱትም። በመንዝ በረት የተራመዱበትን ጫማም ወደ ጨረታው አያድርጉት፤ እዚህ ሌላ ይግዙላቸው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅቤውን እናቴ አዘጋጅታ ጨርሳ ስለነበር ዛሬውኑ እደውልላታለሁ። የጨረታውን ቀን እንዳረጋገጥሁ የባቡር ቲኬት እቆርጣለሁ።