የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር የየትኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው?

የሆጤዋ ባልትና (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። በርበሬ፣ ሽሮና ድልህ አዘጋጅቼ በሰፈሬ ላሉ ሱቆችና ለጥቂት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። አሁን ሥራውን ሰፋ አድርጌ፣ ምርቱን በአግባቡ አሽጌና ገላጭ ጽሑፍ ለጥፌበት ወደ ኮምቦልቻና ወደ አዲስ አበባ መላክ ስለፈለግሁ ፈቃድ ለማሟላት ተነሣሁ። ንግድ መሥሪያ ቤቱ ከጤና መሥሪያ ቤቱ ማረጋገጫ እንዳመጣ ነገረኝ፤ ጤናው ደግሞ ምርቱ ከክልሉ የሚወጣ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ነው አለኝ። አንዲት ጓደኛዬም በርበሬ የግብርና ምርት ስለሆነ ግብርናም ያገባዋል ትላለች። በአገራችን ምግብን የሚቆጣጠረው በትክክል ማን ነው? ከገበያ የገዛሁት ዛላ ሻግቶ ቢገኝስ የሚጠየቀው አምራቹ ነው፣ ነጋዴው ነው ወይስ እኔ?

የአካባቢ ጤና ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
እህታችን፣ የተነገረዎት ሁሉ ስሕተት አይደለም። እያንዳንዱ የድርሻውን ብቻ ነግሮዎት ሙሉውን መንገድ ያሳየዎት ሰው ግን የለም፤ ይህ ደግሞ በእርስዎ አልተጀመረም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ ነው። በአንቀጽ 51 መሠረት በጤና ጉዳይ ላይ አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ ክልሎች በበኩላቸው በክልላቸው ውስጥ የማስፈጸም ሥልጣን አላቸው። ስለ ምግብ በቀጥታ የሚደነግገው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ነው። ከእርሱ በፊት በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ምግብን፣ መድኃኒትንና የጤና ክብካቤን አንድ ላይ ይዞ ነበር፤ አዲሱ ግን የጤና ክብካቤውን ትቶታል፤ ለጤና ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነው የዛሬው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስሙ ያጠረውም ለዚህ ነው። ባለሥልጣኑ በዋናነት የሚያተኩረው በአስመጪዎች፣ በላኪዎችና ምርታቸው በአገር ደረጃ በሚሠራጭ የምግብ ፋብሪካዎች ላይ ነው። ምግብ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶችና ቸርቻሪዎች ግን በክልሉ ጤና ቢሮ በኩል እስከ ከተማው ጤና መምሪያ በተዘረጋው መዋቅር ይታያሉ። የእርስዎ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለ ስለሆነ ነው ያመላለሰዎት፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ገበያው ግን ከክልል ይወጣል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማድረግዎ በፊት ለከተማው ጤና መምሪያ ምን እንደሚያመርቱ፣ በምን ያህል መጠንና ለየትኛው ገበያ እንደሆነ ገልጸው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የቃል መልስ ባለሙያው ሲቀየር አብሮት ይቀየራል።

የበርበሬዎን መንገድ ከማሳው ጀምረው ቢከተሉት ክፍፍሉ ይገለጥልዎታል። ገበሬው የሚረጨው ፀረ ተባይ የሚመዘገበውና የሚፈቀደው በግብርናው ዘርፍ ነው፤ ለዚህ ራሱን የቻለ አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። ዛላው ገበያ ሲወጣ ሚዛኑና የነጋዴው ፈቃድ የንግድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይሆናል። ወደ እርስዎ ግቢ ገብቶ ሲቀነጠስ፣ ሲታመስና ሲፈጭ ደግሞ የቤቱ ንጽሕና፣ የውኃው ሁኔታና የሠራተኞችዎ የጤና ምርመራ የጤናው ድርሻ ነው። የብቃት ማረጋገጫው ከንግድ ፈቃዱ እንዲቀድም የሚደረገውም ንግድ መሥሪያ ቤቱ የቤትዎን ንጽሕና የሚመዝን ባለሙያ ስለሌለው ነው። ደረጃውን የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ናሙና ፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል፤ ደረጃ አውጪው ግን ፈታሽ አይደለም፣ ፈታሹም ሱቅ የማሸግ ሥልጣን የለውም።

ሐኪመ እንስሳት (ኮምቦልቻ)፦
ከላይ ባለው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የግብርናው ድርሻ በፀረ ተባይ ብቻ የሚያልፍ እንዳይመስል ስለ ሥጋና ስለ ወተት ልጨምር። የሥጋ ምርመራ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የራሱ አዋጅ ያለው ሥራ ነው። ቄራው የከተማ አስተዳደሩ ሊሆን ይችላል፤ እንስሳውን ከእርድ በፊት በቁሙ፣ ከእርድ በኋላ ደግሞ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ ልቡንና ምላሱን እያገላበጠ የሚመረምረው ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በጡንቻው ውስጥ የኮሶ ትል እጭ ካገኘ ያስወግዳል፤ ጤነኛ ሆኖ ያገኘውን ማኅተም ያደርግበታል። በእኛ አካባቢ እርዱ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ይፈጸማል፤ ምርመራው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ማኅተሙ ካረፈ በኋላ ሥጋው ተጭኖ ሥጋ ቤት ሲደርስ ተቆጣጣሪው ጤና ይሆናል። በመካከል ያለው ጉዞስ? ሥጋው በምን ዓይነት መኪና ተጫነ፣ ተሸፍኗል ወይስ አቧራ እየጠጣ ሄደ የሚለውን ቄራው «ከግቢዬ ወጥቷል» ሲል፣ ጤናው ደግሞ «ገና አልደረሰኝም» ሲል ማንም ሳያየው ያልፋል። በግቢ የሚታረደው ከብት ደግሞ ማኅተምም ምርመራም ሳያየው በቀጥታ ወደ ጥሬ ሥጋ ገበታ ይቀርባል።

ወተት ከዚህ ይከብዳል። ለላሚቱ የምንሰጠው ፋጉሎ፣ በተለይም የኑግ ፋጉሎ፣ በእርጥበት ከሻገተ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይፈጠርበታል፤ መርዙ በላሚቱ አካል ውስጥ መልኩን ለውጦ በወተቱ ይወጣል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። መኖን የሚቆጣጠረው የግብርና ባለሥልጣን ነው፣ ወተቱን እንደ ምግብ የሚቆጣጠረው ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የወተቱ ፈታሽ ችግሩን ቢያገኝ እንኳ ምንጩ ያለው በሌላው መሥሪያ ቤት የሥልጣን ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ ውጤቱን ለመኖው ተቆጣጣሪ ካላስተላለፈ በቀር ወተቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ ፋጉሎው ግን በማግሥቱም ይሸጣል።

ከሰኞ ገበያ ወዲህ (ደሴ)፦
ታዲያ ይህን ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር አድርጎ መገላገል አይሻልም? ነጋዴው አንድ በር ያንኳኳል፣ በላተኛውም አቤት የሚልበትን ያውቃል።

የሕግ መምህር (ደሴ)፦
ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች ከእብድ ላም በሽታ ቀውስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 የምግብ ደረጃዎችን የሚመለከት ራሱን የቻለ ኤጀንሲ አቋቁመዋል፤ አንዱ ምክንያታቸው አንድ ሚኒስቴር የገበሬውን ጥቅምም የበላተኛውን ጤናም በአንድ እጅ መያዙ እምነት ማሳጣቱ ነበር። በአሜሪካ በአንጻሩ በ1906 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን በጸደቁ ሁለት ሕጎች ሥጋ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ምግብ ደግሞ ኋላ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለተባለው ወገን ሆኖ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ቅርፊቱ ያልተሰበረ እንቁላል በአንደኛው፣ ተሰብሮ በፋብሪካ የተዘጋጀው ደግሞ በሌላው ይታያል። ሀብታምነት ከመመላለስ አያድንም ማለት ነው።

በእኛ አገር ግን መዋሐዱ ላይኛውን እርከን እንጂ ታችኛውን ይለውጣል ብዬ አላምንም። በፌዴራል ደረጃ ሁለት ባለሥልጣናት አንድ ቢሆኑ ከቄራው ወደ ሥጋ ቤት የሚሄደውን መኪና የሚያስቆመው አሁንም የከተማው ባለሙያ ነው፤ እርሱ መኪናና የናሙና መያዣ ከሌለው የበላዩ ስም ቢቀየር ለውጥ የለውም። እኔ የምመርጠው ሥልጣኑ እንደተከፈለ ሆኖ፣ አንዱ ያገኘውን ውጤት ለሌላው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አሠራር ነው።

ስለ ተጠያቂነት ለቀረበው ጥያቄ ደግሞ፣ እህታችን ስምዎ በማሸጊያው ላይ ካረፈ በመጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለጤና አደገኛ የሆነ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ከባዕድ ነገር ጋር የተደባለቀ ዕቃ መሸጥን ይከለክላል፤ ከባዱን ጉዳይ የወንጀል ሕጉም ያየዋል። ከሻጩ ጋር የሚኖርዎት ክርክር ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ እርሱንም ቢሆን የሚያሸንፉት ከማን፣ መቼና ምን ያህል እንደገዙ የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የተፈረመ ወረቀት ካለዎት ነው።

የሆጤዋ ባልትና (ደሴ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የጽሑፍ ማመልከቻውን ሰኞ አስገባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዛላ ስገዛ ክብደት እንዲያነሣ ውኃ የተረጨበት ያጋጥመኛል። አምሼ ብፈጨው ሙቀቱ ሻጋታውን ያጠፋዋል የሚሉኝ አሉ። ጥርጣሬ ሲገባኝስ የት ነው የማስመረምረው?

የአካባቢ ጤና ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
ማመሱ ሻጋታውን ሊገድለው ይችላል፤ ሻጋታው ቀድሞ የተወውን አፍላቶክሲን ግን የቤት ምጣድ ሙቀት አያጠፋውም፣ ወፍጮም ከጤነኛው ጋር ቀላቅሎ ያሠራጨዋል። ስለዚህ መለየት ያለበት በዛላነቱ ነው። በደንብ የደረቀ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኮሻኮሻል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል፤ ውኃ የነካው ግን እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል፣ ድምፅም የለውም። ከየጆንያው መካከልና ከሥሩ ጥቂት ዛላዎች አውጥተው በእንብርቱ በኩል ሰንጥቀው ይመልከቱ፤ ከፍሬው ሥር ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ካዩ ጆንያውን ለብቻው ያቁሙት እንጂ የተበላሸውን ለቅመው ቀሪውን አይፍጩ። ከላይ ያለው ሁልጊዜም ያማረው ነው።

ምርመራውን በሚመለከት፣ እርስዎ ራስዎ ዘግነው የሚወስዱት ናሙና ለራስዎ ውሳኔ ይጠቅማል፤ በሻጩ ላይ ማስረጃ እንዲሆን ከፈለጉ ግን ተቆጣጣሪው ባለበት ተወስዶ መታሸግ አለበት። ስለዚህ ጆንያውን ሳይነኩ መጀመሪያ ለከተማው ጤና መምሪያ ያሳውቁ፤ ናሙናው የሚላክበትን ላቦራቶሪ የሚወስነው እርሱ ነው። ታሽጎ ከሌላ ቦታ የመጣ ምርት ከሆነ ደግሞ በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይችላሉ። ማሸጊያውን ከማሳተምዎ በፊትም የምርቱ ስም፣ የተቀላቀሉት ነገሮች፣ የተጣራ ክብደት፣ የአምራች አድራሻ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን እንዲሁም የምርት መለያ ቁጥር መሟላታቸውን ያረጋግጡ። መለያ ቁጥሩን ዛላውን ከገዙበት ወረቀት ጋር ካያያዙት፣ አንድ ጆንያ ሲበላሽ ከእርሱ የወጣውን ብቻ ከሱቅ ይሰበስባሉ፤ ካላያያዙት ግን የወሩን ምርት በሙሉ መሰብሰብ ግድ ይሆንብዎታል።