የድስቱን ክዳን ጣልኩት፣ ጀበናውን ግን እንዴት አልጣልኩም?

የቡና ሰዓት፦ ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። ቅዳሜ ወጥ ስሠራ የድስቱን ክዳን በባዶ እጄ ያዝኩት። ክዳኑ ወለሉ ላይ ሲንኳኳ ነው "ኡፍ!" ያልኩት። እሁድ ደግሞ ቡና ልቀዳ ጀበናውን ሳነሳ ጨርቁ ተንሸራተተ። የእህቴ ልጅ ረከቦቱ ሥር እየዳኸች ነበር። ጥርሴን ነክሼ ማቶቱ ላይ መለስኩት። አውራ ጣቴ አሁን ውሃ ቋጥሯል። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ሳናስበው ስለሚመጣ የሰውነት ምላሽ ሲያስተምሩ "ሪፍሌክስ አንጎልን አይጠይቅም" ይሉን ነበር። ታዲያ እሁድ የት ሄደ?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃ የቋጠረውን እንዳታፈርጪው። ሪፍሌክስሽ የትም አልሄደም። የቃጠሎው መልእክት ህብለ ሰረሰር (ጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው የነርቭ ገመድ) ሲደርስ፣ እዚያው ክንድ የሚያጥፈው ጡንቻ "ሳብ"፣ የሚዘረጋው ደግሞ "ላላ" ይባላል። ይህን በደንብ ያጠናው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። አንጎል ወሬውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ "ኡፍ" ከክዳኑ ኋላ የመጣውም ለዚህ ነው። አስተማሪሽ የዘለሉት አንድ ነገር አለ። ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝም እዚያው ህብለ ሰረሰር ላይ ያርፋል። ሪፍሌክሱን ሊያፍነውም ሊያባብሰውም ይችላል። ክዳኑ ድንገት ነው። ጀበናው ትኩስ እንደሆነ ግን ታውቂያለሽ፣ ልጅቷንም አይተሻል። "ያዝ" የሚለው ትእዛዝ ቀድሞ ወርዷል።

የሰፈር ልጅ፦ እናቴ ፍም በጣቷ ታነሳለች። እሷስ ምን አላት? 😂

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ የጠነከረ ቆዳና ፍጥነት!

የአባቷ ልጅ፦ አሁን ነው የገባኝ። አባባ ስትሮክ ከመታቸው ከወራት በኋላ ሐኪሙ ጉልበታቸውን በትንሿ መዶሻ መታ ሲያደርግ፣ የታመመው እግር ከጤነኛው ይልቅ ተወረወረ። እኛ ዳኑ ብለን እልል ልንል ምንም አልቀረን። ሐኪሙ ግን "ከላይ የሚይዘው ልጓም ስለላላ ነው" አለን።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ ትክክል ነው ያሉሽ። አባባን እግዜር ይማርልሽ። የቡና ሰዓት፣ ሪፍሌክስ ሲባባስ ለማየት አንቺም ሞክሪው። አንድ ሰው እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጥ። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ቀስ ብለሽ ምቺው። ከዚያ የሁለት እጁን ጣቶች ቆላልፎ አጥብቆ እየሳበ ድገሚው።

የቡና ሰዓት፦ ወንድሜ ላይ ሞከርኩት። መጀመሪያ እግሩ ትንሽ ንቅንቅ አለ። ጣቶቹን ቆላልፎ ሲስብ ግን ረከቦቱን መታው። ሁለት ሲኒ ተሰበረ። እማዬ እስካሁን አላወቀችም።