ከቤት ተነጥሎ የቆመ ጋራዥን በበረዶ ወራት በአነስተኛ ወጪ ማሞቅ

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ ወገኖች፣ ነዋሪነቴ በሚኒሶታ ሲሆን፣ በጓሮዬ ለብቻው በቆመ 6 ሜትር በ6 ሜትር ገደማ በሆነ ጋራዥ ውስጥ ከመደበኛ ሥራዬ በኋላ በርጩማ፣ መደርደሪያና ረከቦት እሠራለሁ። በበረዶው ወራት ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን፣ ከእጄ መደንዘዝ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ኮላው አለመያዙና ቫርኒሹ አለመድረቁ ነው። ባለ 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ባበራም ክፍሉ አልሞቀልኝም። ግድግዳውም ጣሪያውም ከውስጥ ምንም አልለበሰም። በሳምንት ሦስት ምሽት ብቻ ለሚሠራ ሰው የሚበጀው ምንድን ነው? የፕሮፔን ማሞቂያ እንድገዛ የመከሩኝም አሉ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ሌላ ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት ሙቀቱ የሚያመልጥበትን ይዝጉ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቤን በሙሉ ያዋልኩት ኮርኒስ ሠርቼ ከላዩ ፋይበርግላስ በማንጠፍ ላይ ነበር፤ ልዩነቱ በዚያው ሳምንት ታወቀኝ። ቀጥሎ የመኪናውን በር ግርጌና ጎኖች በጎማ ማሸጊያ ይድፈኑ። ግድግዳውን በፎም ሰሌዳ የሚያለብሱ ከሆነ ፎም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በጂፕሰም ቦርድ ይሸፍኑት።

መልስ 2፦
ስለ ፕሮፔኑ እባክዎ ይጠንቀቁ። በአገራችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው የቀሩትን ሰዎች ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጭስ ማውጫ የሌለው የፕሮፔን ማሞቂያም ያንኑ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያመነጭ ይችላል። ከዚህም ሌላ 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1.6 ኪሎ የማያንስ የውኃ ተን ስለሚለቅ፣ ተኑ በቀዝቃዛው ብረት ላይ አርፎ መላጊያዎንና መጋዝዎን ያዝጋል። የሰጋቱራ ብናኝ ባለበት ክፍል ውስጥ ግልጽ ነበልባል ማስገባቱም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

መልስ 3፦
ክፍሉን በሙሉ ለማሞቅ ከፈለጉ ባለ 240 ቮልት፣ 5,000 ዋት ማሞቂያ ይስማማዎታል፤ ነገር ግን 21 አምፔር ያህል ስለሚስብ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና ባለ 30 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። ጋራዥዎ ከቤቱ የተነጠለ እንደመሆኑ ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በታች ስለሚቀበር፣ ከማሞቂያው ይልቅ ቁፋሮውና የባለሙያው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። ለሦስት ምሽት ሥራ እኔ የምመርጠው ከሥራ ጠረጴዛው በላይ የሚሰቀል የኢንፍራሬድ ማሞቂያ ነው፤ አየሩን ሳይጠብቅ በቀጥታ ሰውነትዎንና ጣውላውን ያሞቃል። በቀጭን ኤክስቴንሽን ግን ፈጽሞ አያብሩት፤ ገመዱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ስለ ኮላው ደግሞ፣ የተለመደው ነጭ የእንጨት ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም። አየሩ ሞቆ ጣውላው ቀዝቃዛ ከሆነም ያው ነው፤ ስለዚህ የሚጣበቀውን እንጨት ከዋዜማው ቤት ውስጥ ያሳድሩት።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፕሮፔኑን ሐሳብ ትቼዋለሁ። በዚህ ወር ኮርኒሱን ሠርቼ የበሩን ክፍተት እደፍናለሁ፤ ኮላውንና ጣውላውን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ወደ ቤት አስገባለሁ። ኢንፍራሬዱን ከጠረጴዛውና ከሰጋቱራው ምን ያህል አርቄ ልስቀለው?

መልስ 3፦
ርቀቱ እንደየዕቃው ስለሚለያይ አምራቹ በመመሪያው ላይ የጻፈውን ይከተሉ፤ ሰጋቱራውን ግን ማሞቂያውን ከማብራትዎ በፊት ሁልጊዜ ይጥረጉ።