የ1946ቷ ፓይፐር ኩብ ከጎተራ ወጥታ እንድትበር ከየት ልጀምር?

ቢጫዋ ኩብ (ሜሪላንድ)

ሰላም ወገኖቼ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ፣ ጎተራ ውስጥ የቆመች እ.ኤ.አ. የ1946 ፓይፐር ጄ-3 ኩብ የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ልገዛ ተስማምቻለሁ። ባለቤቷ አርፈው ልጆቻቸው ናቸው የሚሸጧት። ክንፎቿ ወልቀው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ባለ 65 ፈረስ ጉልበቱ ኮንቲኔንታል ሞተር ቦታው ላይ ነው። ጨርቋ የድሮው የጥጥ ጨርቅ ይመስለኛል፤ በጣቴ ጫን ስለው ይሰነጠቃል። ሎግ ቡኮቿ (የጥገናና የበረራ መዝገቦቿ) አሉ፣ የመጨረሻው ፊርማ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ነው።

በሙያዬ የመኪና መካኒክ ነኝ፤ የአውሮፕላን መካኒክነት ፈቃድ የለኝም። ያሰብኩት መጀመሪያ ሞተሩን አውርጄ ማደስ፣ ከዚያ ጨርቁን መቀየር ነው። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው? ደግሞስ በራሴ እጅ እንድሠራ ሕጉ ይፈቅድልኛል? ዜግነት አልወሰድኩም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ለማሳያ አይደለም የምፈልጋት፤ ልበርባት ነው።

የቱቦ ሰው (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ሞተሩን ለጊዜው ተወው። ከመኪና ሥራ ስለመጣህ እጅህ ወደዚያ ቢሄድ አይፈረድብህም። ግን የዚህ ሞተር፣ የኤ-65፣ መለዋወጫ ይገኛል፣ የሚያድሰውም ባለሙያ አለ። የኩብን ዕጣ የሚወስነው ከጨርቁ ሥር ያለው የብረት ቱቦ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ክንፉን ከታች ደግፈው የሚይዙት ስትራቶች።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት አገር ቤት፣ የእርሻ መርጫ አውሮፕላኖች ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ «እሸት» ተብላ የተገጣጠመችውን አግ ካት የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ሰውነቷ ከቱቦ የተበየደ ነው፤ የጎን ላሜራዎቿ የሚነሱትም ኬሚካሉ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር ታጥባ እንድታድር ነው። ቱቦ ከውጭ ቀለሙ ደህና ሆኖ ከውስጥ እንደሚያልቅ ያየሁት እዚያ ነው። ኩብ ኬሚካል ባይነካትም ጭራዋን መሬት ላይ ጥላ ስለምትቆም እርጥበቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ጨርቁም ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ ጨርቁን ግፈፍና ከታች ያሉትን ሁለቱን ረጃጅም ቱቦዎች ከኋላ መቀመጫው ጀምረህ እስከ ጭራዋ መጨረሻ በሹል ብረት ጠንከር እያደረግክ ውጋ። ጫፉ ከሰመጠ ወይም ድምፁ ከታፈነ ያ ክፍል ተቆርጦ 4130 በሚባለው የአውሮፕላን ቱቦ ብረት ይተካል። ብየዳውን የአውሮፕላን ቱቦ ለሚበይድ ሰው ስጥ። ሲያልቅ ውስጡ በሞቀ የተልባ ዘይት ይታጠባል፤ ከውስጥ የሚመጣውን ዝገት የሚከለክለው እሱ ነው፣ ከድሮ ጀምሮ።

ስትራቶቹን ግን አትመርምራቸው፣ አዲስ ግዛ። በኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) የአየር ብቁነት መመሪያ 2015-08-04 መሠረት የድሮዎቹ በየ24 ወሩ ለዝገት መፈተሽ አለባቸው። ጫፋቸው ተደፍኖ የታሸጉት አዲሶቹ ከገቡ ያ ተደጋጋሚ ፍተሻ ይቀርልሃል። ገንዘብ ከጠበበህ ከቀለም ቀንስ፣ ከሬዲዮ ቀንስ፤ ከዚህ ላይ አትቀንስ። ስትራት በአየር ላይ ከተበጠሰ ክንፍ የለም።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ለኩብ ዓይነቷ ቀላል አውሮፕላን የጥጥ ጨርቅ ጥንካሬው በኢንች ከ46 ፓውንድ በታች ከወረደ አይበረርበትም። በጣት የሚሰነጠቅ ጨርቅ መለኪያም አያስፈልገው። ነገር ግን በጥንቃቄ ቆርጠህ አውጣው፤ ገመዶቹ የሚወጡበትና የፍተሻ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደነበሩ የሚነግርህ አሮጌው ጨርቅ ነውና እስከ መጨረሻው አስቀምጠው። አጠገቡ እሳትም ብየዳም እንዳይኖር፤ የድሮው ናይትሬት ቅብ እንደ ክብሪት ነው የሚያያዘው። ክንፎቹ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ካገኘህ ሥሩ ያለውን አሉሚኒየም በደንብ እየው፣ ሽንታቸው ይበላዋል።

አዲሱ ጨርቅ ፖሊስተር ይሆናል። በሙጫ ከተለጠፈ በኋላ በካውያ ሙቀት ይወጠራል፤ የመጨረሻው ሙቀት 350 ፋራናይት ነው፣ ከዚያ ካለፈ ጨርቁ መልሶ ይላላል። የቤት ካውያ የሚያሳየውን ቁጥር አትመን፣ በቴርሞሜትር ለካው። ከዚያ እያንዳንዱ ሪብ (የክንፉ የጎድን አጥንት) ላይ በክር ይሰፋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ሁለት ሰው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ መርፌውን እየተቀባበሉ።

ፈቃዱን ለጠየቅከው፦ የኤፍኤኤ ፈቃድ ባለው መካኒክ ቁጥጥር ሥር ከሆንክ በእጅህ መሥራት ትችላለህ። እሱ ግን ሥራህን በአካል የሚያይ፣ ስትፈልገውም የምታገኘው መሆን አለበት፤ በስልክ ብቻ አይሆንም። የጨርቁ ዓይነት መቀየሩና የቱቦው ብየዳ በፎርም 337 (የኤፍኤኤ የከባድ ጥገናና ለውጥ ቅጽ) ይመዘገባል፣ ዓመታዊ ምርመራውንም አይ ኤ (ከኤፍኤኤ የተሰጠ የመመርመር ሥልጣን) ያለው ኢንስፔክተር ነው የሚፈርመው። ስለዚህ አንድ ብሎን ሳትፈታ መጀመሪያ ኢንስፔክተሩን ፈልግና ጎተራው ድረስ ውሰደው። ያለቀ ነገር አምጥተህ ፈርምልኝ ብትለው አይፈርምም፣ እውነቱን ነው።

ማርታ፣ የበረራ ተማሪ (ሚኒያፖሊስ)

ግሪን ካርዱ አያግድህም፤ ቋሚ ነዋሪ አውሮፕላን በስሙ ማስመዝገብ ይችላል። የበረራ ትምህርት ካልጀመርክ ግን ዜጋ ላልሆነ ሰው ከቲኤስኤ (ከአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት) የሚወጣ ማጣሪያ አለ፣ እሱን ቀድመህ ጀምር። ሌላው፣ የሻጮቹ አባት ስም ኤፍኤኤ መዝገብ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጥ ገንዘብ እንዳትሰጥ። የአውሮፕላኗን ሙሉ ፋይል ከኦክላሆማ ሲቲ በጥቂት ዶላር ማዘዝ ይቻላል፤ የድሮ ፎርም 337ዎቿም እዚያው ውስጥ አሉ። ለጭራ ጎማ አውሮፕላን የአስተማሪ ፊርማ እንደሚያስፈልግህም አትርሳ። ኩብ ላይ ብቻህን ስትሆን የምትቀመጠው ከኋላ ነው፣ እስክትለምደው ከፊትህ ሰማይ ብቻ ነው የሚታይህ።

አንድ ጥያቄ ለጋሼ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከጣሊያን የተመለሰችልን አውሮፕላን «ፀሐይ»ስ እንዲህ ተሠርታ መብረር አትችልም ነበር?

የቱቦ ሰው (ቨርጂኒያ)

ማርታ፣ ስለ ፋይሉ ያልሽው ትልቅ ነገር ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ፀሐይን አላስበርም። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተሠራች፣ ከዚያ ዘመን በእጃችን የቀረችን እሷ ብቻ ናት። እንድትበር ከተባለ ያረጀው እንጨትና ብረት እየወጣ በአዲስ መተካቱ አይቀርም፤ ያኔ የኢትዮጵያውያን እጅ የነካው ክፍል ነው የሚጠፋው። ከወደቀች ደግሞ ጨርሳ ሄደች። ኩብ ግን ወደ 20,000 ገደማ ተሠርታለች፣ ሙዚየሙም አላጣትም። የቆመች ኩብ ጎተራ ውስጥ ትበሰብሳለች እንጂ አትጠበቅም፤ ስለዚህ ትብረር።

ቢጫዋ ኩብ (ሜሪላንድ)

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ እህቴ ማርታም እንዲሁ። ፋይሉን ዛሬ አዝዣለሁ። እርስዎ እንዳሉት ሞተሩን እተወዋለሁ፣ ግን እስከዚያው እንዳይባባስ ምን ላድርግለት? ፕሮፔለሩን በእጄ ላዙረው?

የቱቦ ሰው (ቨርጂኒያ)

አታዙረው! ሲሊንደሩ ዝጎ ከሆነ ፒስተኑ እየፋቀው ይሄዳል። ካንዴላዎቹን አውጣ፣ በቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምርና ቢያንስ ጥቂት ቀን ይቆይ። ከዚያ በቦሮስኮፕ (በቀዳዳ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ውስጡን እይ፤ ደህና ከሆነ ብቻ ቀስ አድርገህ አዙረው። የዚህ ሞተር ካምሻፍት ከክራንክሻፍቱ በታች ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዘይት አያጣም፣ ሲሊንደሮቹ ናቸው ቀድመው የሚዝጉት። የኮምፕሬሽን መለኪያችንም ከመኪናው ይለያል፦ 80 ፒኤስአይ አየር ሰጥተህ ሲሊንደሩ ስንቱን እንደያዘ ነው የምታነበው። ማግኔቶዎቹን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) ግን ሳትፈትን ለሚያድስ ሰው ላካቸው። ይህች አውሮፕላን ባትሪ የላትም፣ የምትነሳው ፕሮፔለሩ በእጅ ተመትቶ ነው፤ ሰነፍ ማግኔቶ ደግሞ ከፊት የቆመውን ሰው ነው የሚጎዳው።

ለጊዜው በካንዴላው ቀዳዳ የእርጥበት መምጠጫ መሰኪያ አድርግ፣ ጭስ ማውጫውንና ካርቡሬተሩን ድፈን። ስትጭናት ደግሞ ሰሌዳዋን፣ ያቺን የመለያ ቁጥሯ ያለባትን ትንሽ ብረት፣ ከቦታዋ እንዳትነቅላት፤ ያለ ኤፍኤኤ ፈቃድ አይነቀልም። ቱቦውን የወጋህ ቀን ፎቶ ላክልኝ፣ የትኛው እንደሚቆረጥ አብረን እናያለን።